የአልማዝ መቀነት

አልማዝ መሞቷን ሊነግረኝ የደወለው ሰው ስሟን እንኳ አልጠራም።

«እማማ ዘውዴ፣ ያ ልጅ አረፈ» አለኝ በስልክ። አቶ ሰይፉ ነው፣ የማኅበራችን ሊቀ መንበር። አውሮራ በምትባለው የስደት ከተማችን ሐበሻ ሲሞት ቀብሩን የሚያስተባብረው እሱ ነው።

«የቱ ልጅ?»

«ያ ሆቴል አብሮዎት ይሠራ የነበረው።»

«ከእኔ ጋር የሠራ ልጅ የለም። አንሶላ ሳጥፍ የኖርኩት ከአልማዝ ጋር ነው።»

ጉሮሮውን ጠረገ። «እሺ እማማ። ወንድሙ ከዳላስ ደውሏል። መምጣት አልቻለም። ሱፍ አልብሳችሁ በሥርዓቱ ቅበሩልኝ ብሎ አደራ ሰጥቶናል። ሱፉ ተዘጋጅቷል። የቤቱ ቁልፍ እርስዎ ጋ ነው ሲሉ ሰማሁ። ሰው ሳያይ ቀሚሶቹን እንድናስወግድ ነው።»

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁት። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ቢሆንም ሊቀ መንበር ላይ ስልክ እንደማይዘጋ አውቃለሁ። ቁልፌን ይዤ ሞንትቤሎ ሰፈር ቤቷ ሄድኩና ማንም ሳይደርስ አንዱን ቀሚስ አወጣሁ። ነጩን፣ ባለ ወይን ጠጅ ጥለቱን። ቤቴ ወስጄ ከካፖርቴ ኋላ ሰቀልኩት። አልማዝ ያንን ለብሳ ካልተቀበረች እኔ ዘውዴ አይደለሁም ብዬ ማልኩ። እንዴት እንደማደርገው ግን አላወቅኩም ነበር።

የምንሠራው ዳውንታውን ባለ አንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ነበር። መጀመሪያ ስትመጣ በወንድ ስም፣ በወንድ ልብስ ነው። ያን ስም አልጽፈውም። እሷ ጥላው የሄደችውን እኔ ምን ቤት ነኝ የማነሣው። አንገቷን የደፋች፣ ዝምተኛ፣ እጇ ግን የሚፈጥን ሠራተኛ ነበረች።

አንድ ሰኞ ጉርድ ቀሚስ ለብሳ፣ ከንፈሯን ቀብታ ገባች። እኔ አማተብኩ። በሆዴ አይደለም፣ እንድታየኝ ብዬ በግልጽ ነው ያማተብኩት። ሰይጣን በጠዋት አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ ሥራ ይመጣል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር። ለሰይጣን ይህ በጣም ትጋት ነው። ገና አማትቤ ሳልጨርስ ማድረቂያው ጮኸ፤ አንሶላ ደረሰ። ማድረቂያ ሰው እስኪደነግጥ አይጠብቅም።

ኪንግ የሚሉት አንሶላ ለአልጋ ሳይሆን ለድንኳን የተሰፋ ነው የሚመስለው። ለብቻ አይታጠፍም። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ሁለት ሁለት ጥግ ይይዛል፤ ይወጥራል፤ ከዚያ እየተራመደ ይገናኛል። ያን ሰኞ የአልማዝን ጥግ የሚይዝ ጠፋ። ሁለቱ የኛ ሴቶች ወገባቸውን አመማቸው። በአንድ ጊዜ፣ ለሁለቱም። አልማዝ አንሶላውን በአገጯ ቆንጥጣ፣ እጆቿን እንደ ተሰቀለ ሰው ዘርግታ ብቻዋን ስታጥፍ ዋለች። ማክሰኞም፣ ረቡዕም እንደዚያው።

ሐሙስ ሄጄ ጥጉን ያዝኩላት። ደግ ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ። ሰው በአገጩ አንሶላ ሲያጥፍ እያዩ ቁጭ ብሎ ምሳ መብላት ግፍ ስለሆነ ነው። ግፍ ደግሞ ምግብ አያስወርድልኝም።

«እትዬ ዘውዴ፣ አይረክሱም?» አለችኝ።

«ከረከስኩ ማጠቢያው አጠገቤ ነው» አልኳት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሷን አየሁት።

«አሁን ስምሽ ማነው?»

«አልማዝ።»

«ይሄ ሁሉ ስም እያለ? እዚህ ከተማ አልማዝ ብለሽ ብትጣሪ ሰባት ሴት ዞር ትላለች!»

«ለዚያ ነዋ፣ እትዬ። ስምንተኛዋ ሆኜ መዞር ነው የምፈልገው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ አንሶላ ሁለታችንን ያዘ። ታስቸግረኝ ነበር። ጥግና ጥጉ በጣት ስፋት ያህል ከተዛነፈ ጧ አድርጋ አራግፋ እንደገና ታስጀምረኛለች። «እትዬ፣ ጥጉን ይያዙ፣ መሐሉ ራሱ ይስተካከላል» ማለት ልማዷ ነው። ይህን ስትል ቅንድቧን እንደ አስተማሪ ታነሣለች። እኔ የልጅ ልጅ ያየሁ ሴት ስለ ጥግ ተማርኩ።

ሁለት ሺህ ዓመት ሞላን ብለን ሚሌኒየም ባከበርንበት መስከረም የሐበሻ ቀሚስ ያላሰፋ አልነበረም። እሷም ከአዲስ አበባ አስመጣች። ፎቶውን በምሳ ሰዓት ሃያ ጊዜ ያህል አሳየችኝ። በበዓሉ ቀን እኔ አዳራሽ ውስጥ ክትፎዬ ላይ ሳለሁ እሷ በር ላይ ቆማ ኖሯል። አቶ ሰይፉ ደረቱ ላይ ሪባን ሰክቶ፣ «ወንድማችን፣ እኛ ማንንም አናገልም። በሱፍ ከመጣህ በክብር እናስገባሃለን» አላት። በመጣችበት አውቶቡስ ተመልሳ ቀሚሱን ወደ መጣበት ፕላስቲክ ከተተችው።

ሰኞ ስትነግረኝ አላለቀሰችም። አንሶላውን ብቻ በኃይል አራገፈችው።

በሚቀጥለው እሁድ ሰይፉን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ያዝኩት። «ልጄ፣ ያን ቀን ሚስቱን የሚደበድበው ሰውዬ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ አይቼዋለሁ። እሱን ያስገባኸው በሱፍ ስለመጣ ነው?»

«እማማ፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።»

የሊቀ መንበር ጉዳይ ሁሌም ሌላ ነው።

ቀሚሱ ዘጠኝ ወር ተሰቅሎ ከረመ። ሰኔ ሲገባ አልማዝ አንሶላው ወዲያ ማዶ ሆና፣ «እትዬ፣ ፕራይድ የሚባል በዓል አለ» አለችኝ። እንደ እሷ ያሉ ሰዎችና ወንድ ወንድን፣ ሴት ሴትን የሚወዱት በየዓመቱ በአደባባይ ሰልፍ ይወጣሉ አለች። «ቀሚሴን እዚያ ልለብሰው ነው። አብረውኝ ይምጡ።»

«መቼ ነው?»

«እሁድ ጠዋት።»

«ቅዳሴዬንስ ማን ያስቀድስልኛል? ደግሞ ጾም ነው።»

«እዚያ ሺህ ፈረንጅ ያየኛል። ፈረንጅ ስለ ጥለት ምን ያውቃል? አንድ የሚያውቅ ዓይን ነው የምፈልገው። አንድ ብቻ።»

ይህን ስትል ድምፅዋ ተሰበረ። በር ላይ ሲመልሷት ያልተሰበረ ድምፅ ነው። ቤት ሄጄ ስናገር የልጅ ልጄ ሶፋ ላይ ተንከባለለች፤ «ኦ ማይ ጋድ፣ አያዬ ፕራይድ ልትሄድ ነው!» እያለች። እኔ በዓል ነው ስላሉኝ ለበዓል እንደሚለበሰው ለበስኩ። ነጭ በነጭ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ዣንጥላዬን ይዤ። ለጾሙ ሽሮ ፍትፍት በሳህን ቋጠርኩ።

ከአውሮራ በኮልፋክስ ጎዳና የሚሄደው አሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ እሁድ ጠዋት ግማሹ ነጠላ ለባሽ ነው። እኛም ከመካከል ተቀመጥን። ሁሉም «እንደምን አደራችሁ» እያለ፣ አልማዝንም ቀና ብሎ ሳያይ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ወረደ። እኛ አልወረድንም። አንዷ ከታች ሆና በመስኮት እያየችኝ በእጇ «ምነው?» አለችኝ። እኔም በእጄ ሂጂ አልኳት።

አሁን አንድ ነገር ላስረዳችሁ። ከአገር ቤት አዲስ የመጣች አሮጊት ቤተ ክርስቲያን እንድታገኝ አድራሻ አይነገራትም። «ነጭ የለበሱትን ተከተዪ» ነው የምትባለው። ያልሠራበት ጊዜ የለም። ከዚያ እሁድ በቀር።

በዓሉ የሚከበርበት ሲቪክ ሴንተር ፓርክ ጋ ወርደን ጥቂት እንደተራመድን ከኋላችን የመቋሚያ ኳ ኳ ሰማሁ። ዞር ስል ከእኔ በዕድሜ የሚበልጡ አንዲት እናት፣ ከእግር እስከ ራስ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ እያለከለኩ ቆመዋል።

«ደረስን?» አሉኝ።

«እማማ፣ ወዴት ነው የሚሄዱት?»

«እናንተ ወደምትሄዱበት።»

አውቶቡስ ውስጥ አንቀላፍተው ኖሮ ሌሎቹ ሲወርዱ አላዩም። ሲነቁ ያዩት የእኛን ነጠላ ነው። ስማቸው እማማ ፈለቀች ይባላል። ከመጡ ሦስት ሳምንታቸው ነው። ልጃቸው ታክሲ ስለሚነዳ አውቶቡስ ላይ አሳፍሮ፣ ነጭ ተከተዪ ብሎ ልኳቸዋል። ስልክ ቁጥሩ በብጣሽ ወረቀት ተጽፎ ከቀሚሳቸው ውስጠኛ ክፍል በመርፌ ቁልፍ ተያይዟል።

«ልጅዎ ማነው?»

«ሰይፉ። የሚሌኒየሙ ሊቀ መንበር» አሉኝ ቀና ብለው።

አልማዝና እኔ ተያየን። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ሳቄን በነጠላዬ ጫፍ አፈንኩት። አልማዝ ግን አልሳቀችም። ፊቷ አመድ መሰለ።

«እትዬ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይመልሷቸው» አለችኝ በሹክሹክታ። «እኔ ብቻዬን እሰለፋለሁ።»

«የሚያውቀው ዓይንስ?»

«ይቅር።»

እማማ ፈለቀች ግን ጉልበታቸውን ይዘው፣ «አውቶቡስ ላይ ሁለተኛ ብትገድሉኝም አልወጣም» አሉ። ለሰይፉ ስልክ ደወልን፣ አያነሣም። መልእክት ተውኩለት፦ እናትህ ከእኛ ጋር ናቸው፣ ሲቪክ ሴንተር ፓርክ ናቸው ብዬ። አልማዝ የማታውቀውን ፈረንጅ ለምና ታጣፊ ወንበር አመጣች። ውሃ አመጣች። ፀሐዩ እንዳይመታቸው ዣንጥላዬን ከእጄ ነጥቃ ያዘችላቸው። ለዚያ ሰውዬ እናት!

እንግዲህ ስለ በዓሉ እውነቱን ልናገር። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ውስጥ ልብስ የለበስነው እኛ ሦስታችን ብቻ ነበርን ለማለት ምንም አልቀረኝም። ጡታቸው ላይ ፕላስተር በመስቀል የለጠፉ ሴቶች አሉ። ከነሱ ቀጥሎ የባንክና የሞባይል ኩባንያ ሠራተኞች አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሰው ማራገቢያ ያድላሉ። ነጻነት ማለት ለካ ባንክ ማራገቢያ ሲሰጥህ ነው። አንዱ ጎረምሳ ቋሊማ አፌ ድረስ አስጠጋልኝ፤ ጾም መሆኑን ባስረዳው አልገባውም። አልማዝ «ቬጋን ናቸው» ብላ ገላገለችኝ፤ ሥጋና ወተት የማይነካ ማለት ነው አሉ።

እማማ ፈለቀች ከበሮውንና ባለ ብዙ ቀለም ዣንጥላውን አይተው ንግሥ ላይ መሆናቸውን አልተጠራጠሩም። «ታቦቱ ገና ነው?» አሉኝ።

«ይሄኛው ታቦት የለውም፣ እማማ።»

«የፈረንጅ ነገር!»

ገላውን ሁሉ ወርቅ የተቀባ፣ ከግልገል ሱሪ በቀር ያልለበሰ ሰውዬ ሲያልፍ አዘኑለት። «ይሄን ድሃ የሚያለብሰው የለም?» ብለው ነጠላቸውን ማውለቅ ጀመሩ። በስንት መከራ መለስኳቸው። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣቸው፤ እሳቸውም መረቁት። ከመንገዱ ማዶ ደግሞ ሰሌዳ የያዙ ሰዎች የአንገታቸው ሥር እስኪገተር ይጮኻሉ።

«እነዚያስ ምን ይላሉ?»

«ንስሐ ግቡ ነው የሚሉት» አለች አልማዝ።

«ደግ ነው። ግን ንስሐ በጆሮ እንጂ በጩኸት ይነገራል እንዴ?»

ፈረንጆቹ አልማዝን ከበው ፎቶ ያነሣሉ። አንዷ የትርኢት ልብስ መስሏት «ኮስቹሙን ራስሽ ነው የሠራሽው?» አለቻት። «ኮስቹም አይደለም፣ የእሁድ ልብሴ ነው» አለች አልማዝ። ሴትዮዋ በጣም ተደነቀች። አልማዝ ግን በጎን እኔን ታያለች። እኔ ደግሞ ምን ልበላት? ያማረ ነገር ሳይ አፌ ይያዛል፤ ለመንቀፍ ብቻ ነው የሚፈታው።

ወደ ሰልፉ ልትገባ ስትል እማማ ፈለቀች በመቋሚያቸው መንገዷን ዘጉባት። የቀሚሷን ጠርዝ ያዙ፤ ገልብጠው የውስጡን ስፌት አዩ፤ ጥለቱን በሁለት ጣታቸው መካከል አሹት።

«የሸማኔው እጅ ይባረክ» አሉ። ከዚያ ወገቧን አይተው ፊታቸው ተቋጠረ። «ይሄን መቀነት እንዲህ አድርጎ ማሰር ማነው ያስተማረሽ?»

«ማንም አላስተማረኝም፣ እማማ።»

«ያስታውቃል!»

ፈቱት። አልማዝ እጆቿን ከፍ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና ቆመች። አሮጊቷ ዙሪያዋን እየዞሩ፣ በጉልበታቸው እየገፉ፣ «ሆድሽን ሳቢው፣ ቀጥ በዪ» እየተቆጡ አሰሩላት። ጫፉን ውስጥ ሸጎጡና ሽንጧን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጓት። «አሁን ሰው መሰልሽ። ሂጂ።»

ሄደች። የማንም ቡድን ስላልነበረች ከአንድ ባንክ መኪና ኋላ ገባች። ነጭ ቀሚስ፣ ቀጥ ያለ ወገብ፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄድ ሰው ቀስ ብላ ስትራመድ እማማ ፈለቀች እልልታውን ለቀቁት። ሕዝቡ እልልታ ሰምቶ ስለማያውቅ መጀመሪያ አምቡላንስ መስሎት ዞረ። ኋላ ሊያስመስል ሞከረ፤ ምላሱ ግን እምቢ አለው።

ያኔ ነው የቴሌቪዥን ካሜራ ወደ እኛ የዞረው። እኔ፣ ፍርድ አይጓደል ባይዋ ዘውዴ፣ ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብ አደረግኩ። ዓይኔ ብቻ ቀረ። በዚያ ዓይኔ አልማዝን አየኋት። እሷም አይታኛለች።

ሰልፉ ሲያልቅ አልማዝ ላቧን እየጠረገች ተመለሰች። ሰይፉም ያን ጊዜ ደረሰ። ታክሲውን የትም ጥሎ፣ እየሮጠ።

«እማዬ! እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ንግሥ ላይ ነኛ።»

«ምን ንግሥ! ይሄ የ…» ዙሪያውን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። አልማዝን በአገጩ አመለከተ። «እማዬ፣ ይሄ አጠገብሽ ያለው ወንድ ነው።»

አልማዝ አልሸሸችም። ዣንጥላውን ከአሮጊቷ ራስ ላይ አላነሣችም።  እማማ ፈለቀች ቀና ብለው አዩዋት፤ ፊቷን፣ እጇን፣ ያሰሩላትን መቀነት።  ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«አንተ ወንዱ ታዲያ የት ነበርክ?» አሉት።

 ሰይፉ እናቱን በክንዳቸው ይዞ ወሰዳቸው።

ሰኞ አንሶላ ስንወጥር አልማዝ፣ «እትዬ፣ ነጠላ ለካ ለካሜራም ይሆናል» አለችኝ።  ይቅርታ ማለት አላውቅም። ያን ቀን ግን ጥጌ አንድ ጊዜም አልተዛነፈም።

እማማ ፈለቀች ያን እሁድ ጨርሰው የረሱት ይመስሉ ነበር። ለወራት ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ስለ ጉልበታቸው እንጂ ስለ ሌላ አይናገሩም። አንድ ቀን ግን ቅዳሴ መሐል ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ያቺ መቀነት የማታውቅ ልጅ ደህና ናት?» አሉኝ። ደህና ናት አልኩ። ያኔ ደህና ነበረች።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በረዶው ገና ሳይሟሟ፣ ልቧ ቤቷ ውስጥ ቆመ። ሥራ ቀርታ ሄጄ በቁልፌ ከፍቼ ያገኘኋት እኔ ነኝ። ሰይፉ የማውቀውን ሊነግረኝ የደወለው በማግስቱ ነው።

የቀብሩን ሥነ ሥርዓት የመጣው ሰው አይቶታል። እኔ የምጽፈው ያላየውን ነው። በእኛ ወግ ወንድን ወንድ፣ ሴትን ሴት ነው የሚገንዘው። ሰይፉ ሱፉን በእጁ አንጠልጥሎ ሁለት ቀን ሙሉ ገናዥ ፈለገ። አንዱ ሥራ አለኝ አለው፤ አንዱ መኪናው ተበላሸ፤ አንዱ ወገቡን አመመው። አልማዝ ወንድ ናት ብሎ በር ላይ የመለሳት ማኅበር ሁሉ፣ እንደ ወንድ የሚገንዛት አንድ ወንድ ከውስጡ አጣ። ራሱ ሰይፉ እንኳ፣ «እኔ አስተባባሪ ነኝ» አለ።

በሦስተኛው ቀን አስከሬኑ ያለበት ቤት ቀሚሱን ይዤ ስደርስ እማማ ፈለቀች በር ላይ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ሰይፉ ከኋላቸው ነው።

«እማዬ፣ ወንድምየው ሱፍ ነው ያለው» ይላል።

«ወንድምየው የታለ?»

«ዳላስ።»

«ይምጣና ያልብሳት። አንተም ግባና አልብሳት።» መቋሚያቸውን ከበሩ አነሡለት። «ግባ።»

ሰይፉ በሩን አየ፤ ጫማውን አየ። ስልኩን አውጥቶ ዳላስ ደወለ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ሲመለስ፣ «እንደፈለጋችሁ ብሏል። ብቻ ፎቶ አታንሡ» አለ። ሱፉን ከእነ መስቀያው ወንበር ላይ አስቀምጦ ታክሲው ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ።

እኛ ገባን። ሁለት አሮጊቶች፣ አንድ ቀሚስ። አልማዝ በነጭ አንሶላ ተሸፍና ነበር። አጠብናት፤ አለበስናት። እማማ ፈለቀች፣ «ወገቧን አንሺልኝ» አሉኝ። አነሣሁላቸው። መቀነቱን አዞሩ፤ ጫፉን ሸጎጡ፤ ሽንጧን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። በዚህኛው ጊዜ አልተቆጡም።

ከዚያ አንሶላውን ማጠፍ ቀረ። እንዲሁ ጠቅልዬ ልተወው አስቤ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። «እማማ፣ ያንን ጥግ ይያዙ» አልኩ። ያዙ። ወጠርን። እየተራመድን ተገናኘን። የእሳቸው ጥግና የእኔ ጥግ አራት ጣት ተዛነፈ።

አልማዝን አየኋት። አሮጊቷም አዩዋት።

አራገፍነውና እንደገና ጀመርን።